ያልተደረገው ዱአ

አሊዪ ሰው መምከር ይወዳል። ይህን የሸዋ ሮቢት ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሽንኩርት ሊሸጥለት የመጣ ገበሬ እንኳ ሚዛኑ ሥር ቆሞ ምክሩን ሳይሰማ አይሄድም። ከምክሮቹ ሁሉ የሚወዳት ግን አንዷን ነው፦ "ስምህ ያልገባበት ነገር ላይ ተደላድለህ አትተኛ" የምትለዋን። ይህችን ከሜዳ አላመጣትም። እህቱ ዘምዘም ከባሏ ስትፋታ፣ ጉልበቷን የጨረሰችበትን ማሳ ትታ አንዲት ሳጥን ብቻ አንጠልጥላ እሱ ቤት ገብታለች፤ መሬቱ በባልየው ስም ነበርና። ከዓመታት በኋላ ቀበሌው የመሬት ደብተር ማደል ሲጀምር አሊዪ ኮሚቴ ሆኖ ተመረጠ። የሚስቱን ፎቶ ከራሱ ፎቶ ጎን ለመለጠፍ ያንገራገረውን ባል ሁሉ ቤቱ ድረስ እየሄደ ለመነ፣ ተቆጣ፣ እምቢ ያለውንም በሰው ፊት አሳፈረ። ዛሬም ድረስ በዚህ ይኮራል፤ ቢኮራም አይፈረድበትም።

ጣጣው የመጣው ያቺኑ ምክር እንግሊዝ አገር ድረስ የላካት ጊዜ ነው።

ልጁ ናጅዋ ነርስ ናት። ባሏ ሀሩን መሐንዲስ ሲሆን፣ እንግሊዝ አገር ሥራ አግኝቶ ሲሄድ እሷም የባል ጥገኛ በሚባለው ቪዛ አብራው ሄደች። አምስት ዓመት ከኖሩ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላሉ፤ አራቱ አልፎ አንዱ ቀርቷል። ናጅዋ ደግሞ ከዚያ በፊት ንቅንቅ ማለት ፈርታለች፤ ወጥቼ አንድ ነገር ቢጓደልብኝስ ትላለች። ስለዚህ በአሊዪ ቤት ሁሉም ነገር የሚቀጠረው "ወረቀቱ ሲወጣ" ለሚባለው ቀን ሆነ። ወረቀቱ ሲወጣ ናጅዋ እዚያ የወለደቻትን ልጅ ይዛ ትመጣለች፤ መጥታም ሁለት ሦስት ወር ትቀመጣለች። የአሊዪ ሚስት ከዲጃ የልጅ ልጇን በስልክ ፎቶ እንጂ በዓይኗ አይታት አታውቅም። ጉልበቷ እየከዳት ነው፣ ዓይኗም እየደከመ ነው። "አራቱ ዓመት እንዴት እንዳለፈ እንጃ፤ ይኼ የቀረው አንዱ ግን አልገፋ አለኝ" ትላለች ሁልጊዜ።

በ2009 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ናጅዋ ምክር ፈልጋ ደወለች። አንድ ሆስፒታል ሊቀጥራት ነው፤ ከፈለገችም በራሷ ስም የሥራ ቪዛ ያወጣላታል።

"አባ፣ አንቱ ምን ይላሉ?"

አሊዪ ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

"ጥገኛ ብሎ ነገር ምንድን ነው ልጄ? ሀሩን ክፉ ልጅ አይደለም፣ አልወጣኝም። የዘምዘም ባልም ሲያገባት ክፉ አልነበረም። በስምሽ አድርጊው፣ አለቀ!"

"እሺ አባ። እንግዲያው ዱአ ያድርጉልኝ።"

"የፊታችን ሐሙስ፣ ኢንሻአላህ!"

በእነሱ ቤት አዲስ ነገር ያለ ዱአ አይጀመርም። ማሳ አይዘራም፣ ቤት አይማገርም፣ ሰው ሩቅ መንገድ አይወጣም። መጀመሪያ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፣ ሙክት ይታረዳል፣ ሸሁ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፤ ሥራው ከዚያ በኋላ ነው። ናጅዋም ነርሲንግ ለመማር ደብረ ብርሃን ስትሄድ እንደዚያው ተደርጎላታል፤ ስታገባም፣ ባሕር ስትሻገርም።

የፊታችን ሐሙስ የተባለው ሐሙስ ደረሰ። የመስኖ ውሃ ተራው በዚያው ቀን ሆነበትና አሊዪ ሽንኩርቱን ሲያጠጣ ዋለ። በሚቀጥለው ሐሙስ ማሾው ደርሶ ካልተለቀመ ይረግፋል ተባለ። በሌላኛው ደግሞ ምንም ሰበብ ጠፋና ወደ ጓሮ ሄዶ የሙክቱን ጎድን ዳሰሰ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ "ገና አልያዘም" ብሎ ተመለሰ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አሊዪ ለምክር እንጂ ለሥራው እንዲህ አይቸኩልም።

"አንተ ሰውዬ" አለች ከዲጃ ብግን ብላ፣ "ልጅቱ በሰው አገር ዱአ ትጠብቃለች፣ አንተ የፍየል ጎድን ስትዳስስ ትውላለህ! ምን ዓይነት አባት ነህ?"

"ይደረጋል አልኩሽ እኮ" አላትና ለዘመድ ሠርግ ካራቆሬ ሄደ።

ሠርጉ ላይ የደጋሹ እህት ሐቢባ ነበረች። ከእንግሊዝ አገር የመጣችው ለዚሁ ሠርግ ነው። አሊዪ ይህን ሲሰማ ምን ይጠብቃል፤ አጠገቧ ሄዶ ተቀመጠና ስለ ልጁ ያወራላት ጀመር። እንዴት እንደመከራት፣ እንዴት ከጥገኝነት አውጥቶ በራሷ ስም እንዳደረጋት፣ አንዱንም ሳያስቀር ነገራት። ሐቢባ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

"ጋሽ አሊዪ፣ ቪዛውን ቀየረች ነው የሚሉኝ?"

"እንዴታ! በእኔ ምክር።"

"ያረቢ!" አለች ሐቢባ። "አራቱ ዓመት ፈሰሰባታ!"

አሊዪ የምትቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። እሷ ግን አልሳቀችም።

"እኔው ራሴ የሠራሁት ስሕተት ነው" አለችው። "እንደ መሬት እንዳይመስልዎት ጋሽ አሊዪ። ባለቤቷን ተከትላ በጥገኛ ቪዛ የኖረችው የሚቆጠርላት በዚያው ቪዛ እስከ መጨረሻው ከቆየች ነው። መሀል ላይ ወደ ሥራ ቪዛ ልቀይር ካለች ያ የኖረችው ለሥራው አይቆጠርላትም፤ አምስቱን ዓመት እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ባለቤቴ ወረቀቱን ሲይዝ እኔ ገና እየቆጠርኩ ነበር። አባቴ ሲሞቱ እንኳ አልደረስኩም።"

"ሥራውሳ? ሥራው ሊቀርባት ነው?"

"ሥራውን ማን ከለከላት! በባሏ ቪዛ ሆና መሥራት ትችላለች እኮ። ወረቀቱን እስክትይዝ ካለችበት አለመነቃነቅ ነበር።"

አሊዪ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማም። የቀረበለትን ሳይቀምስ ተነሣ። ስልኩን አውጥቶ ቢሞክር ኔትወርክ የለም። የአንዱን ተዋሰ፣ የሌላውን ተዋሰ፤ የሁሉም ያው ነው። መንገድ ላይ ያለችው ጀውሃ ኔትወርክ አለ ሲባል ወደ ሸዋ ሮቢት የምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቆ ገባ።

መንገዱ አላልቅ አለው። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ስለ ሽንኩርት ገበያ ቢጠይቀው መልስ አልሰጠም፤ አሊዪ ተጠይቆ ዝም ያለው ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከዲጃን ምን ብሎ ይነግራታል? የቀረሽ አንድ ዓመት በእኔ ምክር አምስት ሆነ ይበላት? በአምስት ዓመት ውስጥ ዓይኗ ምን ያህል ያያል? እህቱን ሜዳ ላይ የጣላት የሌላ ሰው ክፋት ነበር። ልጁን የጣላት ግን እሱ ራሱ ነው፣ ያውም ይጠቅማታል ብሎ። ይህ አንገበገበው። ሰው እንዳያየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ጀውሃ ሲደርሱ ወረደ። የጭነት መኪኖች በቆሙበት በኩል አለፈና አንድ ግራር ሥር ቆሞ ለናጅዋ ሚስኮል አደረገ። ወደ ውጭ አገር መደወል ሂሳብ ስለሚበላ ደንባቸው ይኸው ነው፤ እሱ አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል፣ እሷ መልሳ ትደውላለች። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቀ። ጠራ።

"አባ! ደኅና ናችሁ? እማ ደኅና ናት?"

"ልጄ፣ ቪዛውን… ፈረምሽ?" አለ ሰላምታውን ሳይመልስ።

ናጅዋ መልስ በመስጠት ፈንታ ጠየቀችው፦ "ዱአው ተደረገ እንዴ አባ?"

አሊዪ አፈረ። በዚህ ሁሉ ጭንቀት መሀል ደግሞ ይህ ሊነሣበት ነው። "አይ… የውሃ ተራው ደርሶ… ማሾውም… አልተደረገም ልጄ።"

"ታዲያ ምኑን እፈርማለሁ?" አለች ናጅዋ፣ ትንሽ ቅር ባላት ድምፅ። "ሆስፒታሉ በየቀኑ ይጠይቀኛል፣ ሀሩንም አበዛሽው ብሎ ተቆጥቶኛል። አባቴ ዱአ ሳያደርጉልኝ እጄን አላነሣም ብዬ ይኸው እየጠበቅኩ ነው። ረሱኝ እንዴ አባ?"

 አሊዪ ግራሩ ሥር አፈሩ ላይ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠና "አልሃምዱሊላህ! አልሃምዱሊላህ!" ይል ጀመር። እንባው በጢሙ ላይ ወረደ። ከአንዱ መኪና ሥር ጎማ የሚፈታ ረዳት ቀና ብሎ "አባት፣ ምን ሆኑ?" ቢለው እጁን እያወዛወዘ ሳቀበት።

ከዚያ ሐቢባ ያለችውን አንድ በአንድ ለናጅዋ ነገራት። እሷም ወዲያው ሀሩንን ጠራችው። በማግስቱ ሀሩን ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቆ ደወለ፤ ነገሩ ሐቢባ እንዳለችው ነው። ናጅዋ ሥራውን ትጀምራለች፣ ቪዛዋ ግን የቀረው አንድ ዓመት እስኪያልቅ ባለበት ይቆያል።

አሊዪ ለከዲጃ ሁሉንም ነገራት፤ መደበቅ አላማረውም። ስትሰማ መጀመሪያ ጮኸችበት፤ ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ሳቋ መጣ። "ሠላሳ ዓመት ስንፍናህን ስረግም" አለች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ "ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል!"

ሐሙስ ዕለት ሙክቱ ታረደ። ጎድኑን የዳሰሰው የለም። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፣ ሸሁ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ ስልኩም ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ መሀል ላይ ተቀመጠ፤ ናጅዋ መስመር ላይ ናት።

"ዱአው ለየትኛው ጉዳይ ነው አሊዪ?" አሉ ሸሁ። "ምንድን ነው የሚጀመረው?"

አሊዪ የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ አየ። "የሚጀመር የለም ሸሆቼ" አለ፣ "ሳይጀመር ስለቀረው ነገር አላህን ለማመስገን ነው። ልጄም ባለችበት እንድትቆይልኝ ይመርቁልኝ።"

ሸሁ ፈገግ አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ሁሉም "አሚን" አለ። ናጅዋም በስልኩ ውስጥ "አሚን" አለች። ከእሷ ኋላ ደግሞ ትንሿ ልጇ፣ ትርጉሙን ሳታውቅ፣ በቀጭን ድምፅ ዘግየት ብላ ብቻዋን "አሚን!" ብላ ጮኸች።

ከዲጃ የዘረጋቻቸውን እጆች ሳታጥፍ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

"አንድ ዓመት ምን አላት!" አለች። "ነገ አይደለም እንዴ!"