ማርስን የሚመስለው ማሳ

ሽታዬ በጠዋት ስልክ ከጮኸ ሰው ሞቷል ብላ ነው የምታነሳው። ያን ቀን የደወለችው ግን አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ስለ ማርስ የምታጠናው ልጇ እስከዳር ነበረች።

«እማዬ፣ ከላይኛው ማሳ አንድ ጆንያ አፈር ላኪልኝ። ያለሱ ሥራዬ አያልፍም።»

ላይኛው ማሳ ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ያለ፣ ገብስ ቢዘሩበት ዘሩን እንኳ የማይመልስ ቀይ መሬት ነው። እስከዳር ብዙ አስረዳቻት፤ ማርስ ላይ የወረዱት ተሽከርካሪዎች ያገኙት አፈር ቀይ ነው፣ ደረቅ ነው፣ እስካሁን ሕይወት አልተገኘበትም፤ እሷም የመመርመሪያ ዘዴዋን የምትሞክረው እሱን በሚመስል አፈር ላይ ነው። ሽታዬ ከዚህ ሁሉ የያዘችው አንድ ነገር ነው። አፈሩን ፕሮፌሰሮች ያዩታል። ካልወደዱት ልጅቱ ትወድቃለች።

ጆንያውን ፈትተው ፊታቸውን ሲያጨማድዱ ታያት። «ይህን ለሰው የሚልክ ምን ዓይነት ቤት ነው?» ሲሉ ሰማች። ስለዚህ ቀዩን አፈር ቆፍራ ድንጋዩን ለቀመች፣ በወንፊት ነፋችው፣ ከጓሮዋ የበሰበሰ ፍግ አምጥታ ለወሰችበት።

«እንዳለ ላኪው አይደል ያለችሽ?» አላት ባሏ አንሙት።

«እንዳለ ብልከው ልጄን በገዛ እጄ ጣልኳት ማለት ነው።»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስልኩ ጮኸ። በጠዋት።

«እማዬ፣ አፈሩ ውስጥ ምን ጨመርሽ?»

«ምን ሆነ?» አለች ሽታዬ።

«ማርስ ላይ ጎመን በቀለ።» እስከዳር አልሳቀችም። አፈሩን ውሃ አጠጥተው በመስታወት ሣጥን ቢዘጉበት ቅጠል ብቅ አለ። «የጓሯችን ጎመን ይጠፋኛል እንዴ? አሁን ሌላ አፈር ካላገኘሁ ዘንድሮ አልመረቅም።»

እስከዳር አካፋውን ራሷ ልትይዝ መጣች። እናትየው ከአጠገቧ አልጠፋችም።

«ድንጋዩን እንኳ ልልቀምልሽ።»

«እንዳትነኪው።»

«ትንሽ አመድስ?»

«እማዬ።»

ሰኔ ላይ እስከዳር አለፈች። «እንዲህ ያለ የሞተ አፈር አግኝተን አናውቅም ብለው አደነቁት» አለች በስልክ። «ናሙናው ስም ወጣለት፤ ሽታዬ አንድ ተብሏል። ከመስቀል በኋላ የውጭ ተመራማሪዎች ማሳውን ሊያዩ ይመጣሉ። እኔንም ከእነሱ ጋር ሊያሠሩኝ ነው፣ ማሳው እንዳለ ከቆየ።»

አንሙት በጋቢው አፉን ሸፍኖ ሳቀ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስረግመው የኖርኩት መሬት፣ ለካ የሚረዳው ሰው አጥቶ ነው።»

ሽታዬ አልሳቀችም። ስሟ በሞተ መሬት ላይ ተለጥፎ ባሕር ሊሻገር ነው። እዚያ ያሉት ሰዎች ሽታዬ የምትባለዋን ምን ዓይነት ሴት ናት ይሏታል?

በማግስቱ አንሙት ከቤት ሲወጣ፣ ፍግ የሞላ ቅርጫት ተሸክማ ወደ ላይኛው ማሳ ስታዘግም አገኛት።

«ወዴት ነው?»

«እንግዳ እየመጣ እኮ ነው፣ አንሙት» አለች ሳትቆም። «እንዲህ እንዳለ ይዩት?»