ከአራተኛው ምክር በኋላ

ጓንጉል አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። ደጀን ላይ ዜማ ጀምሮ ትቶ ወጣ። ፍኖተ ሰላም የፖሊስ ጣቢያ ጸሐፊ ሆኖ ስምንት ወር ሠራና ለቀቀ። አዲስ አበባ ገብቶ አንድ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ ከረመና እሱንም ጣለው። በመጨረሻ መርካቶ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ግንቡ ጥግ፣ አንዲት ጠረጴዛና ሁለት ዱካ አኑሮ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነ። እዚያም ቢሆን ባለጉዳዩ እያወራለት እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ስለሚወዛወዝ ቀለሙ በየጊዜው ይደፋበት ነበር።

ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ክረምቱ ሲበረታ፣ ዝናቡ ባለጉዳይ ቢያሳጣው ጊዜ፣ መጽሐፍ ጻፈ። በሦስት ሳምንት ጨረሰው። ሠላሳ ሁለት ገጽ ናት። ስሟን «ደስ ብሎኝ ዋልኩ» አላት፤ ውስጧ ደስ ብሎት መኖር ለሚሻ ሰው ዐሥራ ሁለት ምክሮች አሉ። ሽፋኗ ላይ ማተሚያ ቤቱ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ፣ ባርኔጣ ያደረገ የሚስቅ ሰውዬ ተሥሏል። ምክሮቹን ከስብከት የሰማውን፣ ከጋዜጣ ያነበበውንና ለራሱ የመሰለውን አዋህዶ ነው የጻፋቸው። አንዱንም እንኳ በራሱ ላይ ሞክሮት አያውቅም።

ይህን ግን የጠየቀው አልነበረም። መጽሐፊቱ ተሸጠች። ወዳጁ ጠሀ አቡጀዲ ከሚሸጥበት ባንኮኒ ላይ ደርድሮለት፣ ጨርቅ ሊገዛ የመጣው ሁሉ አንዳንድ እያነሣ ይሄድ ጀመር። መስቀል ካለፈ በኋላ ሰው ጓንጉልን በመንገድ እያስቆመ «የደስታው ጌታ» ይለው ነበር። እሱም ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያልፋል። ውስጡ ግን ደስ አይለውም ነበር፤ ለምን እንደሆነ አያውቀውም።

በኅዳር ወር አንድ ማለዳ፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ ሴት ጠረጴዛው ፊት መጥታ ቆመች። ነጠላዋ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። በእጇ መጽሐፊቱን ይዛለች።

«የዚህች ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ጥጤን ለሰው አደራ ሰጥቼ ነው የመጣሁት። ሸዋርካብሽ እባላለሁ፣ ጥጥ ተራ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ የጎረቤት ልጅ ናት ያነበበችልኝ። አራተኛውን ያስታውሱታል?»

ጓንጉል ማስታወስ አላስፈለገውም፤ ከሁሉም የሚኮራበት እሱ ነው። «በሆድህ ያመቅኸውን ለሚመለከተው ሰው ዛሬውኑ ንገረው። ያልተነገረ ነገር ደስታን እንደ ነቀዝ ይበላል።»

«እሱን ነው» አለች። «ከእኅቴ ጋር ነው የምኖረው፣ ከእትዬ ሠርኬ ጋር። ታላቄ ናት፣ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ሰው ሊያገባኝ ሽማግሌ ላከ። እኅቴ ለኔ ሳትነግረኝ መለሰቻቸው። ከሰው ሰማሁ። መስማቴን ግን አልነገርኳትም። ዐሥራ አንድ ዓመት አብሬያት በልቼ፣ አብሬያት ጥጥ ፈልቅቄ፣ አንድ ቀን ትንፍሽ አላልኩም። ይቺ መጽሐፍ ስትነበብልኝ ግን እሳት ለቀቀችብኝ። በዚያው ዕለት ነገርኳት።»

«ከዚያስ?»

«ምንም አላለችም። በማግስቱ ልብሷን ቋጥራ መሳለሚያ የአክስታችን ልጅ ቤት ሄደች። ዐሥር ቀን ሆናት።» መጽሐፊቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። «እኔ ልወቅስዎ አልመጣሁም። መጽሐፉ ዛሬ ንገሪ አለኝ፣ ነገርኩ። ነገ ምን እንደማደርግ ግን አልተጻፈም። ልጅቷን እስከ መጨረሻው አስነበብኳት። አምስተኛው በማለዳ ስለ መነሣት ነው። እኔ ድሮም በማለዳ ነው የምነሣው።»

ጓንጉል ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው በጊዜው ይበርዳል አለ፤ ትዕግሥት ያስፈልጋል አለ፤ ሌላም ሌላም አለ። ሴትዮዋ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«እርስዎ ራስዎ ሲናገሩ፣ የነገሩት ሰው ምን አለ?»

ጓንጉል ዐይኑን ወደ ቀለሙ ብልቃጥ መለሰ። «ወንድሜ ነው» አለ። «ተቃቀፍን።»

«የታደሉ ነዎት» አለችና ወደ ጥጧ ተመለሰች።

በዚያን ቀን ጓንጉል አንድ ማመልከቻ እንኳ በወጉ መጻፍ አቃተው። የአንዱን ባለጉዳይ ስም በሌላው ጻፈ፣ ቀደደው፣ እንደገና ጀመረ። ወንድም አለው፤ እሱ እውነት ነው። ኃይለ ማርያም ይባላል፣ ደጀን ነው። ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልተያዩም። አባታቸው ታሞ በተኛ ጊዜ ጓንጉል ፍኖተ ሰላም ነበር። መልእክት ተልኮበት ዛሬ ነገ እያለ ዋለ፣ አባቱ ሞተ፤ ለቀብሩም አልደረሰም። ወንድሙ ብቻውን አስታሞ፣ ብቻውን ቀበረ። አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ጓንጉል በደጀን በኩል የሚያልፍ አውቶቡስ ተሳፍሮ አያውቅም።

ስድስት ሰዓት ሳይሆን ጠረጴዛውን ለጎረቤቱ ለሻማ ሻጯ አደራ ሰጥቶ ተነሣ። መጽሐፎቹን ሊሰበስብ ነው። የተሸጡትንም ያልተሸጡትንም።

ጠሀ ሱቅ ሲደርስ ወዳጁ አቡጀዲ እየቀደደ ለደንበኛ ይሰጣል። ጓንጉል ባንኮኒው ላይ የቀሩትን መጽሐፎች ምንም ሳይል ወደ ከረጢቱ ይከትት ጀመር።

«ምን ሆንክ?» አለው ጠሀ።

«ሰው ቤት እያፈረሰ ነው።»

«ማን?»

«እኔ።» የሸዋርካብሽን ነገር እየተንጎራደደ ነገረው፤ ሱቁ ጠባብ ስለሆነ በሁለት በሁለት እርምጃ እየተመለሰ ነበር። ጠሀ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አዳመጠው። ከዚያ ከመሳቢያው የራሱን መጽሐፍ አወጣ። በየምክሩ ጎን በእርሳስ ምልክት አድርጎበታል።

«ይሄ ሠርቷል» አለ እያሳየው። «ጠዋት ለመጀመሪያው ደንበኛ ከዋጋ በፊት ስለ ጤናው ጠይቀው የምትለው። ይሄኛው አልሠራም፤ ሰውን ሁሉ አመስግን ብለሃል፣ ባመሰግነው ጊዜ አማቴ አሾፍክብኝ ብሎ ተቆጣ። ይሄ አራተኛው ደግሞ...» ጎኑ ባዶ ነው። «አልሞከርኩትም። ወላሂ ፈርቼ ነው።»

«ታዲያ እያየኸው ለምን ትሸጥልኛለህ?»

«መድኃኒት ሻጭ ሁሉን ቀምሶ ነው እንዴ የሚሸጠው?» አለ ጠሀ። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተ ግን ጻፊው ነህ። አንተ መቅመስ ነበረብህ።»

ጓንጉል የራሱን የጠሀን መጽሐፍ ለመውሰድ እጁን ቢዘረጋ ወዳጁ ወደ መሳቢያው መልሶ ቆለፈበት።

ከዚያ እህል በረንዳ ሄደ። ኪዳነ ማርያም የሚባል ጆንያ ተሸካሚ መጽሐፊቱን መግዛቱን ያስታውስ ነበርና አፈላልጎ አገኘው። ሰውዬው በጤፍ ጆንያ ላይ ተጋድሞ ጎኑን ያሳርፋል። መጽሐፊቱ ከሸሚዙ ኪስ ውስጥ ናት፤ ላብ አጨማድዷታል።

«መልስልኝ፣ ስሕተት አለባት» አለው ጓንጉል።

«የት ጋ?»

«አራተኛው ላይ።»

«እኔ ማንበብ አልችልም» አለ ኪዳነ ማርያም። «የገዛኋት ይሄ ሰውዬ ስለሚስቅ ነው። ጆንያ ሲከብደኝ አወጣና አየዋለሁ፣ ምን እንደሚያስቀው ሳስብ ሳላውቀው እደርሳለሁ። የሱ ሣቅ ስሕተት አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያው ተወኝ።»

ጓንጉል ተወው። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ከተራ ተራ ሲዞር ዋለ። የተመለሰችለት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ባለቤቷ በርበሬ ሲጠቀልልባት ገጿ የጎደለ ነበረች። እግሩ ግን አልቆመም። ሳያስበው መሳለሚያ መስቀለኛው መንገድ ላይ ራሱን አገኘው። የጥጥ ተራዋ የሸዋርካብሽ እኅት የት እንዳረፈች ጠየቀ፤ ሁለት ሰው ተቀባብሎ አደረሰው።

ሠርኬ ግቢው ውስጥ በሰፌድ ምስር ትለቅማለች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት ናት። ጓንጉል ማንነቱን ሲነግራት ቀና ብላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«አንተ ነህ መጽሐፈኛው?»

«አዎን እትዬ ሠርኬ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ያንን ምክር ባልጽፈው እኅትዎም...»

«ተቀመጥ» አለችው። ቆሞ ለመቀጠል ፈልጎ ነበር፤ አነጋገሯ ግን አስቀመጠው። «እኔ ስለ ነገረችኝ የወጣሁ ይመስልሃል? መንገሯስ ደግ አደረገች። የዐሥራ አንድ ዓመቱን በአንድ ምሽት ዘረገፈችው። ዝም ብዬ ሰማሁ። ጨርሳ ምን አለች መሰለህ? ‹አሁን ቀለለኝ› አለች። ውኃ ጠጥታ ተኛች። እሷ ቀለላት። ሸክሙ የት ሄደ? እኔ ላይ ነው ያራገፈችው። እኔ ቁጭ ብዬ አነጋሁ።»

ጓንጉል አንገቱን ደፋ።

«መጽሐፍህ ለሚናገር ሰው ነው የተጻፈው» አለች ሠርኬ። «ለሚሰማው ምን ጻፍክ?»

«ምንም አልጻፍኩም።»

ምስሩን በጣቷ እየበተነች ጠጠሩን ለቅማ ጣለች። ጓንጉል ሁለት ጊዜ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሶ ዘጋው።

«ደብዳቤ ትጽፋለህ አይደል?» አለችው በመጨረሻ። «ወረቀት ይዘሃል? ጻፍልኝ። በአፌ አይወጣልኝም።»

ከከረጢቱ ወረቀትና እርሳስ አወጣ፤ ከመጽሐፎቹ አንዱን ለመደገፊያ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሠርኬ ምስሯን እያየች ተናገረች።

«ሸዋዬ፣ ሽማግሌዎቹን የመለስኳቸው ሰውዬው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ደኅና ሰው ነበር። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው። ይኸው ነው። ለራሴ ግን ላንቺ ብዬ እንዳደረግሁት ስነግረው ኖርኩ፣ አምኜውም ነበር። አንቺ ስትነግሪኝ ነው ያልሆነ መሆኑን ያየሁት። ሊያዩኝ ከማይገባቸው ዐይኖችሽ ነው የሸሸሁት።» ቆም አለች። «የመጨረሻዋ አላማረችም። ‹ዐይንሽን ማየት አፍሬ ነው የሸሸሁት› በልልኝ።»

ጓንጉል ሰርዞ ጻፈ። ማመልከቻ ሲጽፍ የባለጉዳዩን ቃል ማሳመር ልማዱ ነበር፤ ይህን ግን አንድም ቃል አልጨመረበትም።

ጥጥ ተራ ሲመለስ ሻጮቹ ዕቃቸውን መሸከፍ ጀምረዋል። ሸዋርካብሽ ከጥጧ መካከል ሆና ደብዳቤውን ሲያነብላት ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ።

«‹ፈርቼ ነው› ያለችውን ይድገሙልኝ» አለችው።

ደገመላት።

«ዐሥራ አንድ ዓመት ክፋት ነው ብዬ ነበር የያዝኩት» አለች። ደብዳቤውን ተቀብላ መቀነቷ ውስጥ አስገባችው።

«አሁን ይሂዱ፣ ላድርስዎ» አለ ጓንጉል እየተቁነጠነጠ። «ቅርብ ናት፣ ግቢው ውስጥ ነው ያለችው።»

«አልሄድም።»

«ለምን?»

«ተናድጃለሁ። ዛሬ ብሄድ የምናገረው ይበዛል። ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

ጓንጉል ከንፈሩን ነከሰ። መጽሐፉ ዛሬውኑ ይላል ሊላት አልደፈረም። በዚያ ፈንታ ሌላ ነገር ነገራት። «እትዬ ሸዋርካብሽ፣ ጠዋት ዋሽቼዎታለሁ። ከወንድሜ ጋር አልተቃቀፍንም። ዘጠኝ ዓመት አላየሁትም።»

ሴትዮዋ እየሸከፈች ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም። «በሆድዎ የያዙት ምንድነው?»

ጓንጉል አሰበ። መልሱ ሲመጣለት አሳፈረው። «የያዝኩት የለም። የያዘው እሱ ነው።»

«እንግዲያው ሄደው ይስሙታ» አለችና የጥጡን ማዳበሪያ አፍ አሰረች።

ቅዳሜ ሸዋርካብሽ መሳለሚያ ሄደች። ምን እንደተባባሉ ጓንጉል አልሰማም። ሠርኬ ወደ ቤቷ የተመለሰችው ግን በዚያ ቅዳሜ ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ከተመለሰችም ወዲያ ሁለቱ እንደ ድሮው እየተሣሣቁ ሲፈለቅቁ ያየ የለም። ጠሀ በዚያ በኩል ሲያልፍ አይቷቸው፣ «ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ አይጫወቱም፣ ግን ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ይበላሉ» ብሎ ነገረው።

ጓንጉል በበኩሉ ለወንድሙ ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ቀን ሞከረ። ለሰው ሲጽፍ የማይያዝ እጁ ለራሱ ሲሆን ተያዘ። አንዱ የይግባኝ ማመልከቻ ሆነበት፣ አንዱ ስብከት ሆነበት። ሁሉንም ቀዳዶ ሐሙስ ማለዳ በጎጃሙ አውቶቡስ ተሳፈረ። ጫንጮ ሲደርሱ ልውረድ አለ፣ አልወረደም። ጎሐ ጽዮን ላይ ሹፌሩ ለምሳ ሲያቆም ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ መኪና አይቶ አጠገቡ ድረስ ሄደ። ሸለቆውን ሲወርዱ ዐይኑን ጨፈነ።

ኃይለ ማርያም በሩ ላይ የእርሻ ማረሻ እያበጀ ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል። ወንድሙን አይቶ መዶሻውን አላስቀመጠም።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ምንም። የምትለኝ ካለ ልሰማ ነው የመጣሁት።»

ኃይለ ማርያም ማረሻውን ገልብጦ አንዴ መታው። ከዚያ ከአባታቸው ሕመም ጀመረ። የትኛው ቀን ላይ እህል መቅመስ እንዳቆመ፣ የትኛው ቀን ላይ «ያ ልጅ አልመጣም?» ብሎ እንደጠየቀ፣ ቃሬዛውን ማን ማን እንደተሸከመ፣ አንድ በአንድ ተናገረ። ጓንጉል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሰማ። ሦስት ጊዜ «እኔ እኮ» የሚል ቃል እስከ ምላሱ ጫፍ መጥቶበት ዋጠው። እግሩ መወዛወዝ ሲጀምር በሁለት እጁ ጉልበቱን ያዘ።

ወንድሙ ሲጨርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር። ይቅር አላለውም፣ አላባረረውምም። ማረሻውን አንሥቶ ወደ ቤት ገባና ከውስጥ ሆኖ ሚስቱን፣ «እንግዳ አለ፣ ውኃ አምጪ ለእጁ» ሲል ተሰማ።