ባቡጂ ሲያስነጥሱ

ቫይደሂ ዕድሜ ልኳን ጂኦግራፊ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ስትወጣ አንድ ነገር ቆረጠች፤ ጉልበቷ ሳይከዳት በረዶ የለበሰውን የሂማላያ ተራራ በዓይኗ ማየት። ሐሳቧ ከደቡብ ከማዱራይ ተነስታ፣ የድሮ የኮሌጅ ጓደኞቿ ቤት እያረፈች፣ እስከ ሰሜን ጫፍ መዝለቅ ነበር። ሆቴል የሚል ቃል ገና ከአፏ ሲወጣ ሁሉም በስልክ ተቆጧት። "እኛ ሞተናል እንዴ?"

አልሞቱም፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ደህና ነበሩ። ቦፓል ላይ ሐይቁን እናሳይሻለን ያሏት ሰዎች የልጆቻቸውን የሠርግ አልበም አሳዩዋት፤ ሙሽሮቹ ሲያልቁ አጃቢዎቹ ቀጠሉ። አግራ ላይ ታጅ ማሃልን ልይ ብትል የጓደኛዋ አማት "የሞተች ሴት መቃብር ምን ያደርግልሻል? ይልቅ የተወለደውን የልጅ ልጄን እዪ" ብለው ሕፃኑን ጭኗ ላይ አስቀመጡት። ሕፃኑም ሸናባት። ታጅ ማሃልን ያየችው በባቡር መስኮት ነው፣ ያውም ጉልላቱን ብቻ። እንግዳ ማክበር ከእስራት የሚለየው በምግቡ ብዛት ነው ብላ ማሰብ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

ደህራዱን ከተማ ስትደርስ ግን ተስፋዋ አንሰራራ። የመጨረሻዋ ጓደኛዋ ኩሱም የምትኖረው እዚያ ነው፤ ተራራው ወለል ብሎ የሚታይበት ሙሱሪ የሚባል ከፍታ በመኪና ቅርብ ነው፤ የኩሱም ባል ጊሪሽ ደግሞ መኪና አለው። ችግሩ፣ ረፈድ ሲል ደመና መጥቶ ተራራውን ይጋርደዋል። ስለዚህ ማለዳ መውጣት ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው። ይኼን ያህል ቀላል ነገር!

በመጀመሪያው ማለዳ ኩሱም ለመንገዱ ገድ እንዲሆን ስኳር የተነሰነሰበት እርጎ በማንኪያ አጎረሰቻቸው። ቤተሰቡ ባቡጂ የሚሏቸው የጊሪሽ አባት በር ላይ ካለው ወንበራቸው ሆነው ያያሉ። ቫይደሂ አንድ እግሯን ከደጃፉ ስታወጣ ባቡጂ አንድ ጊዜ አስነጠሱ። ጊሪሽ ጫማውን አወለቀ።

"ምን ሆንክ?" አለችው።

"ባቡጂ አስነጠሱ እኮ! ሰው እያስነጠሰ መንገድ ይወጣል እንዴ? ቁጭ በይ እህቴ፣ ውሃ ጠጪ።"

ተቀመጡ፤ ውሃ ጠጡ። እንደገና እርጎ ጎረሱና ተነሱ። ባቡጂ እንደገና አስነጠሱ። ደመናው ሲመጣ ጊሪሽ የመኪናውን ቁልፍ ምስማሩ ላይ ሰቀለና "ነገ" አለ።

ቫይደሂ በገድ የምታሾፍ ሴት አይደለችም፤ እናቷም ድመት መንገድ ካቋረጠቻት ወደ ቤት ትመለስ ነበር። ግን ባቡጂ በነጋታውም አስነጠሱ፤ ከዚያ ወዲያም። መንገዱ በቀረ ቁጥር ባቡጂ አጠገባቸው ያስቀምጧትና የደን ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሳሉ ስላባረራቸው ነብር ያወሩላታል። ነብሩ በየቀኑ ያድጋል። "ወይ ጉድ!" እያለች ትሰማለች፤ እንግዳ ናትና።

የመጨረሻው ማለዳ ደረሰ። ማታ ባቡር አለባት። እርጎው ተጎርሶ ሲያልቅ ዓይኗን ከባቡጂ አልነቀለችም። እጃቸው ቀስ ብሎ ሰደርያቸው ውስጥ ገባ፣ ወጣ፣ ወደ አፍንጫቸው ሄደ። ከዚያ ያው የተለመደው ሆነ። ጊሪሽ ጫማውን ሊያወልቅ፣ ኩሱም ውሃ ልታመጣ ወደ ውስጥ ሲገቡ ቫይደሂ ሽማግሌው ፊት ቆመች።

"ባቡጂ፣ እጅዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"መድኃኒት ነው።"

"ሱረት ነው።"

"ሱረትም መድኃኒት ነው።"

እንባዋ መጣ። "ምን በደልኩዎ? ከልጅነቴ የተመኘሁት ይኼን ብቻ ነው!"

"እኔስ ምን በደልኩ?" አሉ ባቡጂ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ሙሱሪን አላየሁም። የመጣ እንግዳ ሁሉ ይወጣል። ለእኔ ሲሆን 'ባቡጂ ይደክማቸዋል' ነው። ሳልጠየቅ ደከመኝ!"

"እና 'እኔ ካልሄድኩ ማንም አይሂድ' ነዋ?"

"መምህርት ነሽ መቼም፤ ቶሎ ይገባሻል።"

ልትቆጣ ፈልጋ ነበር። አልሆነላትም። የሱረቱን ቆርቆሮ ከእጃቸው ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና "ኮትዎን ይልበሱ" አለቻቸው።

"ባቡጂ ይደክማቸዋል" አለ ጊሪሽ ሲመለስ።

"የደከመኝስ እኔ ነኝ፣ በእርጎ!" አለች ቫይደሂ።

ውሃ ጠጥተው እንደገና ሲነሱ ማንም አላስነጠሰም። ኩሱም ምሳ ላዘጋጅ ብላ ቀረች፤ ባቡጂ ከፊት ተቀመጡ። በመንገዱ ሁሉ አንዴም አላስነጠሱም።

ከላይ ሲደርሱ ደመናው ገና አልመጣም ነበር። ተራራው ከሰማዩ ጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ሆኖ ቆሟል። ቫይደሂ ስንት ዓመት በጠመኔ ጥርስ ጥርስ አድርጋ የሣለችው መስመር ይኼ መሆኑን ስታስብ አፈረች፤ ተማሪዎቿን ሁሉ ይቅርታ መጠየቅ አማራት። አልቅሳ ስትጨርስ ባቡጂን አየቻቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን እየወለወሉ ነው።

"ድሮ ይበልጥ ነበር" አሉ።

"ነብርዎ ነዋ የበላው!"

ሁለቱም ሳቁ። ጊሪሽ ግን ሰዓቱን አየና ቁልፉን አንቀጫቀጨ። "በሉ እንነሳ። ኩሱም አንቺን ለመሸኘት ዘመድ ሁሉ ለምሳ ጠርታለች፤ የእህቴን የሠርግ አልበም ይዘው ይመጣሉ።"

ቫይደሂ ተራራውን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተችና ቆርቆሮውን ባቡጂ መዳፍ ላይ አስቀመጠች። ሽማግሌው ቆርቆሮውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከሁሉም ቀን አብልጠው ቆነጠሩ።

የማስነጠሱ ድምፅ ገደሉን ዞሮ ተመለሰ። መኪናው በር ላይ የደረሰው ጊሪሽ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ቁጭ በል ወንድሜ" አለችው ቫይደሂ። "ውሃ ጠጣ።"