የፍል አምባ ጣቢያና ጃንጥላ የያዙት ሴት

የፍል አምባ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊቱ ጃንጥላ የዘረጋች ሴት ካልቆመች ወደ ግራ ይዘማል። ይህን ከምርቃቱ ዋዜማ ጀምሮ እናውቃለን። እስካሁን የተደነቀ ሰው የለም።

ለማያውቅ ልንገር፤ ፍል አምባ የፍልውሃ ከተማ ናት። ሰው ወገቡን ሊታጠብ፣ ቁርጥማቱን ሊያስለቅቅ፣ አንዳንዱም ከሚስቱ ሊያርፍ ይመጣል። ጣቢያውን የነደፈው ሙሴ ፌርናን የሚባል ፈረንጅ መሐንዲስ ነው። እግዜር ይስጠውና፣ በረዶ እንዳይከማችበት ብሎ ጣሪያውን ሾጠጥ አድርጎታል። በፍል አምባ በረዶ ጥሎ አያውቅም። መንገደኛ ማረፊያው ውስጥም አንድ በሬ የሚያስገባ የእሳት ማንደጃ አለ፤ በግንቦት ገና ሲያዩት ያልባል። የአንደኛ ማዕረግ መጠበቂያ ክፍሉ ደግሞ ቁልፉ ጅቡቲ ስለቀረ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። በጣም ያማረ ክፍል ነው ይባላል።

ሙሴ ፌርናን ፕላኑን ለግንበኞቹ አለቃ ለባሻ ወልደየስ ሰጥቶ ሲሚንቶ ሊያስመጣ ወደ ወደብ ወረደ፤ ወባ ያዘውና በዚያው ቀረ። ባሻ ወልደየስ ከወረቀቱ አንዲት ነገር ላይጨምሩ፣ አንዲት ነገር ላያጎድሉ ምለው ነበር። ቅስቱን፣ ዓምዱን፣ ያንን የበረዶ ጣሪያ እንዳለ ሠሩት። ለምርቃቱ አንድ ቀን ሲቀረው ሕንጻው አንድ ክንድ ያህል ወደ ግራ ዘመመ። ባሻ ደንግጠው ፕላኑን ዘርግተው ቢመረምሩት፣ ከበሩ ፊት ጃንጥላ የያዘች ሴት ተስላለች። መሐንዲስ የሕንጻውን ቁመት ለማሳየት ብሎ አጠገቡ ሰው እንደሚስል ማን ይንገራቸው?

"ወይ ጉዴ! ሴቲቱን ረስተናታል እኮ!" አሉ።

ወዲያው የዘበኛውን ሚስት ጃንጥላ አስይዘው አቆሟት። ሕንጻው ቀና አለ። ከዚያ ወዲህ ጃንጥላ መያዝ የሥራ መደብ ሆኖ፣ ከቲኬት ሻጭ ዝቅ፣ ከአትክልተኛ ከፍ ብሎ በሠራተኞች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ቲኬት ሻጩ እኔ ነኝ፤ አሰግድ እባላለሁ። ባቡር ከመጣ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት በሁለት ሰዓት መስኮቴን እከፍታለሁ፤ ሥራ ሥራ ነው። ከመስኮቴ ቀጥታ የሚታየኝ የእትዬ ትርንጎ ጀርባ ነው።

እትዬ ትርንጎ በመደቡ ላይ ሦስተኛዋ ሴት ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቆመዋል። ማታ እዚያው በሩ ፊት በተሠራላቸው የቆርቆሮ መጠለያ፣ ጃንጥላውን ራስጌያቸው ተክለው ይተኛሉ። ሕንጻው በመተኛታቸው አይከፋውም፤ መራቃቸውን ነው የማይወደው። ከአሥራ ሁለት እርምጃ ካለፉ መዝመም ይጀምራል፣ ከተማው ይጮኻል፣ እሳቸውም ይመለሳሉ። ሃያ እርምጃ የሄደች ሴት በጣቢያው ታሪክ የለችም።

ፍልውሃው ከጣቢያው በስተግራ ሦስት መቶ እርምጃ ነው። እትዬ ትርንጎ አንድ ቀን ገብተውበት አያውቁም። በቃሬዛ የወረደ ሰው በአሥራ አምስተኛው ቀን ሻንጣውን በራሱ ተሸክሞ ሲሳፈር፣ ባቡሩ ከቀረ ወዲህ ደግሞ በሚኒባስ ሲሄድ፣ ቆመው ያያሉ። የራሳቸው ጉልበት ግን አብጦ አብጦ ዱባ አክሏል። ሐኪሙ ዘንድሮ ቁርጡን ነገራቸው፤ በአንድ ወር ውስጥ ፍልውሃ ካልገቡ ከእንግዲህ መቆም የለም። ያን ቀን አንጀቴን በሉኝ።

አቤቱታ አስገቡ። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ልዑልሰገድ አዛኝ ሰው ስለሆኑ በሦስተኛው ሳምንት ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ተተኪ ፈለገ። መጀመሪያ ከልብስ ሱቅ አሻንጉሊት ተውሰው ጃንጥላ አስያዙት፤ ሕንጻው ዘመመ። ቀጥሎ የመዝገብ ቤቷን ልጅ አቆሟት፤ ስልኳን ስትነካካ ከጣሪያው ሰባት ሸክላ አጠገቧ ዱብ ዱብ አለ። በማግሥቱ የዓመት ፈቃድ ጠየቀች። በመጨረሻ አቶ ልዑልሰገድ ራሳቸው ነጠላ ተከናንበው ቆሙ። ሕንጻው ወደ ቀኝ ዘመመ። ይህ አዲስ ነገር ስለነበር በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

በዚህ መሐል እትዬ ትርንጎ ስድሳ ዓመት ሞላቸው፤ በአንድ ቀን ሁለት ደብዳቤ ደረሳቸው። መነጽር ስለሌላቸው ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። አንዱ፣ ከዛሬ ጀምሮ በጡረታ ስለተገለሉ በሥራ ቦታዎ መገኘት የተከለከለ ነው ይላል። ሌላው፣ ሕንጻው ቅርስ ሆኖ ስለተመዘገበ ከቦታዎ መንቀሳቀስ የተከለከለ ነው ይላል። ሁለቱም ላይ የአቶ ልዑልሰገድ ፊርማ አለ፤ ፊርማቸው ደግሞ ያምራል።

"እስቲ ድገምልኝ" አሉኝ።

ደገምኩላቸው።

"የትኛው ነው የሚጸናው?"

"እኔ እንጃ፣ እትዬ። ቀናቸውም ቁጥራቸውም አንድ ነው።"

"እንግዲያው እኔው ልምረጥ" አሉ። ደብዳቤዎቹን አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱ። ሐኪሙ የሰጣቸው ወር ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ ወደ ግራ መሄድ ጀመሩ። አቶ ልዑልሰገድ እያለከለኩ ደረሱ።

"እትዬ ትርንጎ! ወዴት ነው?"

"ውሃ ልገባ።"

"ሕንጻውስ?"

"እሱን ጉልበቱን አያመው።"

"እሺ ቢያንስ ጃንጥላውን ያስረክቡ እንጂ! የመንግሥት ንብረት ነው!"

"ና ውሰደው!" አሉ። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ነበር የሚሏቸው።

በአሥራ ሦስተኛው እርምጃ ሕንጻው መዝመም ጀመረ። በሃያኛው ከተማው ጮኸ። "ኧረ በእመቤታችን! ኧረ ይመለሱ!" የሚለው ሁሉ ግን አንድም አልተጠጋም። እትዬ ትርንጎ ጉልበታቸውን ይዘው ቆም አሉ። የሚመለሱ መሰለኝ። ሕንጻው ቢናድ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው፤ መስኮቴ ውስጥ ነኝ። ግን ያንን ጀርባ ሃያ ስድስት ዓመት ሳየው ኖሬያለሁ፤ በቃኝ።

"ይሂዱ፣ እትዬ! አይዙሩ!" ብዬ ጮህኩ። ሄዱ።

በሠላሳኛው እርምጃ የግራው መሠረት ከመሬት ተላቀቀ። ከፍ አለ፣ ወደፊት ሄዶ አረፈ። የቀኙ ተከተለ። አካሄዱ የረጋ ነበር፤ ከጠረጴዛዬ ላይ ማኅተሜ ብቻ ወደቀ፣ አነሳሁት። አቶ ልዑልሰገድ ከጎኑ እየሮጡ "ማን ፈቀደለት? መንቀሳቀሻ ደብዳቤ አለው?" እያሉ ዘበኛውን ይጠይቃሉ። ዘበኛው በር ጠባቂ ስለሆነ በሩን ተከትሎ ይሄዳል። ሐዲዱ ባለበት ቀረ።

እትዬ ትርንጎ ፍልውሃው ዳር ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ፤ ከነቀሚሳቸው ገቡ። ጣቢያው ከነዓምዱ፣ ከነማንደጃው ተከትሏቸው ገባ። ታጣቢዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት፤ የአሥራ አምስት ቀናቸውን ሳይጨርሱ በምንም ምክንያት አይወጡም። ውሃው መስኮቴ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ሕንጻው ቆመ። ቀጥ ብሏል። እጄን ብነክረው ይሞቃል፤ ሐኪሙ እውነቱን ነው።

እትዬ ትርንጎ እስከ አንገታቸው ሰምጠው፣ ጃንጥላቸውን ከውሃው በላይ ይዘው ወደ መስኮቴ መጡ። ከመስኮቴ ሆኜ ፊታቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

"ጉልበትዎስ?" አልኳቸው።

"ኧረ ተመስገን! የሌለ ያህል ነው።" ቀጥለውም "በል አንድ ቲኬት ቁረጥልኝ" አሉኝ።

"እትዬ፣ ባቡር እኮ የለም። ሐዲዱም እዚያው ቀርቷል።"

"ዝም ብለህ ቁረጥ።"

"ወዴት ልበል?"

"ከዚህ ወዲያ በል።"

ከዚህ ወዲያ ብዬ ጽፌ ማኅተም መታሁበት፤ ቀለሙ ውሃው ላይ ፈሰሰ። ቀና ስል ከኋላቸው ታጣቢዎቹ ተሰልፈዋል። የሚታየው አንገታቸውና አናታቸው ላይ ያስቀመጡት ሻንጣ ነው። ማንም አልተጋፋም። አቶ ልዑልሰገድ ዳር ሆነው የሰልፉን ብዛት በወረቀት ይይዛሉ።

ከታች፣ ከውሃው ሥር፣ የባቡር ፊሽካ ረጅም ተነፋ። የተሰለፉት ራሶች አንድ ላይ ወደ ታች ተመለከቱ። እትዬ ትርንጎ ቲኬታቸውን በጥርሳቸው ያዙና፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጃንጥላቸውን አጠፉ።