የጎደለው ኖራ

አባቴን ሌባ አሉት። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አባቴ ያየህ ከሞጣ መጥቶ ቢቸና ውስጥ ለአንድ ማኅበር ኖራ ያቃጥላል። ድንጋዩን መዝኖ የሚሰጠውም፣ ኖራውን መዝኖ የሚረከበውም ግምጃ ቤቱን የያዘው ስጦታው ነው። መጀመሪያ ቀን አሥር ኩንታል ድንጋይ ገባ፤ የወጣው ኖራ አምስት ኩንታል ተኩል ሆነ።

"አራት ተኩሉን የት አደረስከው?" አለው ስጦታው። "ካንተ በፊት የነበረው ውበቴ አሥር ተቀብሎ ዘጠኝ ተኩል ያስረክብ ነበር።"

የማኅበሩ ሽማግሌዎች "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አልወሰድኩም ብሎ ደጀ ሰላሙ ላይ ይማል፤ ካልማለ ሥራውን ይልቀቅ" ብለው ፈረዱ። አባቴ ደግሞ እውነት ይዞም ቢሆን አይምልም። መሐላ ዘር ይከተላል ይላል። ልብሱን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ መክተት ጀመረ።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሞጣ እንግባ" አለኝ። በእሱም ተናደድኩ። እያደር ሳይሆን አሁኑኑ እንዲጠራ ነበር የፈለግሁት።

የአሥራ አንደኛ ክፍል የኬሚስትሪ ደብተሬን ገለጥኩ። አንድ ሞል የኖራ ድንጋይ መቶ ግራም ይመዝናል። ሲቃጠል አርባ አራቱ ግራም ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፤ የሚቀረው ሃምሳ ስድስት ግራም ኖራ ነው። ስለዚህ ከአሥር ኩንታል ድንጋይ የሚወጣው አምስት ኩንታል ከስልሳ ኪሎ ነው። የጎደለችው አሥር ኪሎ ብቻ ናት፤ እሷም ብናኝ ሆና ከምድጃው ሥር ተጠርጋለች።

እሑድ ይህንኑ ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። ስጦታው ሳቀብኝ።

"ወፍጮ ቤት የገባ እህል ዱቄት ሆኖ ይመለሳል። ግማሹ ተኖ ቀረ ያለ ሰው አለ? ይቺ ደግሞ ጢስ ትመዝናለች።"

"አባቶቼ፣ በጋሼ ስጦታው በራሳቸው ሚዛን ይሞከር" አልኩ።

የሽማግሌዎቹ አንጋፋ መሪጌታ ገብረ ሕይወት ተስማሙ። ሰኞ ጠዋት ስጦታው አንድ ኪሎ ድንጋይ በገዛ እጁ መዝኖ ምድጃ ውስጥ አስገባ። መሪጌታው በርጩማ አስመጥተው እዚያው ዋሉ። አመሻሹ ላይ ቀዝቅዞ ሲመዘን አምስት መቶ ስልሳ አምስት ግራም ሆነ።

"እንግዲህ ይህን ማን ሰረቀው?" አሉ መሪጌታው። "ስጠብቅ የዋልኩት እኔ ነኝ።"

"እሺ፣ ያየህ ሥራውን ይቀጥል" አለ ስጦታውና ሚዛኑን አነሳ። ይቅርታ እንኳ አላለም። አባቴ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ሲለው ይባስ ነደድኩ።

"አልጨረስንም" አልኩ። "ከአሥር ኩንታል ድንጋይ ይህን ያህል ኖራ ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ ውበቴ ዘጠኝ ተኩል የሞላው ጥሬ ድንጋይና አፈር ቀላቅሎ ነው። ጋሼ ስጦታው ሲረከቡ አላዩም? አላየሁም ካሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይማሉ።"

መሪጌታው ወደ ስጦታው ዞሩ።

"ትምላለህ?"

ስጦታው ሚዛኑን መሬት ላይ አስቀመጠና የግምጃ ቤቱን ቁልፍ አውጥቶ ለመሪጌታው ሰጣቸው።