አውድማ የሌለው ቤት

ጠጋ በሉ ልጆቼ። መደቡ ቢጠባችሁ አጎዛው መሬት ላይ ይዘረጋል። የማወራችሁ የአንድ ዓርብ ነገር ነው፤ ረጅም አይደለም፣ ብቻ ጸጥ ብላችሁ ስሙኝ።

ገበሬው ጌታነህ ውሻይቱን በጭነት ገመድ አንገቷን አስሮ፣ በዓርብ ገበያ እህል ተራ መካከል እየጎተተ መጣ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ገበያው በሰውና በአህያ ተጨናንቋል፤ ሁሉም ሥራውን ትቶ ያየዋል። ማሬ የባቄላና የሽምብራ ጆንያዋን አፍ ከፍታ ከተቀመጠችበት ሲደርስ፣ ሰላም ሳይላት ገመዱን ከእግሯ ሥር ጣለው።

«ያውልሽ፣ እትዬ ማሬ። ዳማሽን መልሼልሻለሁ።»

«ምን አጠፋች?»

«ገብሳችንን አበራይተን፣ አዝርተን፣ ምርቱን ከመርን። ቁና ላመጣ ቤት ደርሼ ስመለስ፣ እሷ ከክምሩ አናት ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ያልተሰፈረ ምርት ላይ።»

በዚያ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምርቱ ተሰፍሮ እስኪያልቅ አውድማ በጫማ አይረገጥም፤ ድምፅ እንኳ ከፍ አይልም። ውሻ ከተኛበት ደግሞ ረድኤቱ ሸሸ ነው የሚባለው።

«ስንሰፍረው የአምናውን እኩሌታ አልሞላም» አለ ጌታነህ። ጮክ ያለው ለማሬ ብሎ አልነበረም፤ ለገበያው ነበር። «ልጆቼ ምን ይብሉ? እሷን?»

«አትፍረድባት፣ ፍራሽ መስሏት ነው» አለ አጠገባቸው በርበሬ የሚሸጠው ሰው። ሰዉ ሳቀ። ባቄላ ልትሸምት እጇን ጆንያው ውስጥ ነክራ የነበረች አንዲት ሴት እጇን አውጥታ በነጠላዋ ጠረገች። «የዚህችን እህል ማን ደፍሮ ቤቱ ያስገባል» ብላ ወደሚቀጥለው ነጋዴ ዞረች።

ጥፋቱ የውሻይቱ እንዳልሆነ የምታውቀው ማሬ ብቻ ነበረች። አምና ነሐሴ፣ ጎርፍ ሲወስዳት ከቦይ ጎትታ ስታወጣት፣ ዳማ ከጭብጥ የማትበልጥ ቡችላ ነበረች። በኪራይ ክፍሏ ውስጥ ከእህል ጆንያ ላይ አስተኛቻት። አይጥ ጠፋ። «ጎሽ፣ ጠብቂልኝ» እያለች ጀርባዋን ስታሻሻት፣ ውሻይቱም እህል ላይ መተኛት ሥራዋ እንደሆነ ተማረች። ባለፈው ጥቅምት አከራይዋ ውሻ አላስቀምጥ ሲላት ለጌታነህ ስትሰጠው፣ ማሬ ይህን አልነገረችውም። የገበሬ ልጅ ሆና፣ አውድማ ዳር አድጋ፣ ትዝ አላላትም።

ወሬው ከጌታነህ ቀድሞ ከገበያው ወጥቶ ኖሮ፣ አከራይዋ አያ ሞላ ምርኩዙን ይዞ መጣ።

«ያቺ ውሻ ግቢዬን ከረገጠች ጓዝሽን ከደጅ ታገኚዋለሽ» አላት። «ነገ ጧት ለባዘነ ውሻ ሁሉ መርዝ ይጣላል ተብሏል። ልቀቂያትና ግቢ። አትድከሚ።»

«አያ፣ እስከ እሑድ ብቻ እንኳ...»

«ዛሬ አልኩሽ። ሳይመሽ።»

ጆንያዎቿን አስራ ከሀና ሻይ ቤት አስቀመጠች። ሀና ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ውሻይቱን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ቴሌግራም ላይ ልልቀቃት እንዴ፣ እትዬ? ምርት የምታባርር ውሻ፣ በነፃ፣ ብዬ።» ሻይ የሚጠጡት ወንዶች ሳቁ። ማሬ ወፍጮ ቤት ሄደች። ባለወፍጮው ልመንህ ገና ከሩቅ እጁን አወናጨፈ፤ «ዱቄት ቤት ነው ያለሁት፣ ሴትዮ። ምን አጠፋሁሽ?» አለ። ከገጠር የመጡትን ገበሬዎች አንድ በአንድ ለመነች። በዚህ ወር አውድማ የሌለው ገበሬ የለም፤ ሁሉም ወደ ገመዱ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አውድማ የሌለው አንድ ቤት ብቻ ታውቅ ነበር። ማወቋን እስከዚያ ሰዓት ድረስ ለራሷም አልነገረችም።

ሽቅብ መንገዱ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። በየማሳው ዳር በሬዎች ያበራያሉ። አንድ ሰው ከአውድማው ላይ፣ «ውሻሽን በላይ በኩል አሳልፊ፣ አንቺ ሴት!» ብሎ ድንጋይ ወረወረ። ዳማን ጎኗን አገኛት። አልጮኸችም፤ ወደ ማሬ ቀሚስ ተጠጋች።

የእህቷ የሰርኬ ቤት ከተራራው ወገብ ላይ ነው። ሰባት ዓመት አልረገጠችውም። ያኔ መሬት ሲለካ፣ የማሬ ባል የሰርኬን የውርስ ድርሻ ከነአውድማው በራሱ ስም አስመዘገበ። ሽማግሎቹ ማሬን፣ «የማን ነው?» ብለው ጠየቋት። ማሬ መሬት መሬት አየች። ባሏም ሞተ፤ መሬቱን ወንድሞቹ ወሰዱት፤ እሷም ከተማ ወርዳ ባቄላ ቸርቻሪ ሆነች።

ሰርኬ የእሾህ ቅርንጫፍ እየጎተተች የድንች ማሳዋን አጥር ትደፍን ነበር። ጃርት በቀዳዳው እየገባ ይቆፍርባታል። ታናሽ እህቷን ስታይ ቅርንጫፉን ከእጇ አልጣለችም።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ መንገድ ስተሻል።»

ማሬ ቆማ ተናገረች። ስለ ጎርፉ፣ ስለ አያ ሞላ፣ ስለ ነገው መርዝ። ሰርኬ እየሰማች አጥሯን ደፈነች።

«ልጄን ስቀብር ያልመጣ እግር ለውሻ መጣ» አለች በመጨረሻ።

«ታባርሪኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።»

«አባርርሽ ነበር። አንቺ ግን መምጣት ነበረብሽ።»

ነፋሱ በመካከላቸው ገለባ ይዞ አለፈ። ሰርኬ ወደ ውሻይቱ አየች።

«ምን አድርጋ ነው የመለሷት?»

ማሬ ልትዋሽ አሰበች። ዶሮ በልታ ብትል ይቀል ነበር። «ምርት ላይ ተኝታ» አለች። «ሳይሰፈር።»

ያን ጊዜ ቅርንጫፉ ከሰርኬ እጅ ወደቀ። ሳቀች፤ አጭር፣ ደስታ የሌለበት ሳቅ።

«እና አውድማ የሌለው ቤት ፈልገሽ ፈልገሽ፣ እኔን አገኘሽ።»

«አዎ።»

«ማን እንዳሳጣኝም ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ያንቺ ነበር። ሽማግሎቹ ሲጠይቁኝም አውቅ ነበር።»

ሰርኬ በርከክ ብላ፣ ድንጋዩ ያገኘውን የዳማን ጎን ጠጉሩን በጣቶቿ እየከፈለች አየችው። ውሻይቱ ተንቀጠቀጠች እንጂ አልሸሸችም።

«ገመዱን አቀብይኝ።»

«እንደነሱ አትመልሻትም?»

«የሰው ነገር መመለስ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ወስጄ ስለማላውቅ። የሰጡኝን ግን እይዛለሁ።»

ማሬ ገመዱን ሰጠች። እጃቸው አልተነካካም።

«እየመጣሁ ብጠይቃትስ?»

«ውሻይቱን?»

ሰርኬ መልሱን አልጠበቀችም። «ዞረሽ አትዪ፤ ትከተልሻለች» ብላ የእሾህ መዝጊያውን ሳበችው።

ሃያ እርምጃ ያህል እንደወረደች የዳማ ለቅሶ ከኋላዋ መጣ። ጥርሷን ነክሳ ሄደች። ከዚያ ለቅሶው መሀል የሰርኬ ድምፅ ተሰማ፤ ዝቅ ያለ፣ ለሰው ጆሮ ያልታሰበ። «እሽ እናቴ፣ እሽ። በቃ፣ ቤትሽ ነው። ማንም አይነካሽም።» ደጋግማ አለችው፤ ለቅሶው እየሳሳ ሄደ፤ ጠፋም።

ማሬ ከመንገዱ ላይ ቆመች። አልዞረችም። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ልትገባ ነው፤ ቁልቁል የሚወስደው መንገድ ባዶውን ተዘርግቷል፤ እግሯ ግን አልነሣ አላት።

ልጆቼ፣ በዚያ በኩል ካለፋችሁ፣ ከአጥር ውስጥ የምትጮህ ቀይ ውሻ ትሰሙ ይሆናል። እሷ ቤቷን አግኝታለች። አደራ የምላችሁ ከአጥሩ ውጭ ቆማ የቀረችውን ነው፤ እሷን አትርሱብኝ።