ከአራተኛ ፎቅ የታየ ለቅሶ

ጸደንያ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ጥቁሩን ሻሽ ከራሷ ፈታች፤ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ወሸቀችው። ብርቱካናማ ሹራቧን ከጥቁሩ ቀሚስ በላይ ደረበች፣ ፊቷን በመዳፏ አበስ አበስ አደረገች። እናቷ ከሞተች ዛሬ ሰልስቷ ነው። ላይ ቤት የተቀመጡት አባቷ ግን አልሰሙም።

ምን ታድርግ! አቶ ገሠሠ ከመንዝ አዲስ አበባ የመጡት ለዓይናቸው ነው። አንደኛው ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረውን ሞራ ጋርዶት አራት ዓመት ሙሉ ሰው በድምፅ ሲለዩ ኖረዋል። ባለፈው ሳምንት ሞራው ተገፈፈላቸው። ሐኪሙም፣ «ሁለት ሳምንት ማሸት፣ ጎንበስ ማለት፣ በተለይ ደግሞ ማልቀስ የለም። ያለችው ይህችው አንዲት ዓይን ናት» ብሎ አስጠነቀቀ። በአራተኛው ቀን ከአገር ተደወለ። እናቷ ወይዘሮ ማናዬ ራሴን አመመኝ ብለው እንደተኙ ሳይነሱ ቀሩ።

መርዶው ሁለቱ ሳምንት እስኪያልፍ ይቆይ ተባለ። ጸደንያም አባቷን ጥላ ለቀብር መሄድ አልሆነላትም። የሕንጻው እድር ግቢ ውስጥ ባለው የጋራ ቤት ፍራሽ አነጠፈላትና እዚያ ተቀመጠች። አባቷ ሥራ የሄደች ይመስላቸዋል። ከላይ ሆነው ፊቷን ባይለዩት እንኳ ድምፅዋን ይለያሉ፤ እናም ሦስት ቀን ሙሉ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች። የእናትን ሞት በሹክሹክታ! እንዲህ ያለውን ለጠላትም አይስጥ።

«መጣሽ? ነይ እስቲ ወዲህ» አሉ አቶ ገሠሠ በረንዳው ላይ እንደተቀመጡ። ዓይናቸው ከተከፈተ ወዲህ ሥራቸው ሰው ማየት ሆኗል። ክረምቱ ወጥቶ የለቡ ሰማይ ጠርቷል፤ ከታች ሲሚንቶ የጫነ መኪና ጭቃውን ሲያምሰው ሰዉ ወዲያና ወዲህ ይሸሻል።

«ያ ሰውዬ ጧት ውሻውን ሲጎትት አልፎ ነበር፤ አሁን ደግሞ ውሻው እሱን እየጎተተ መጣ። ያቺኛዋ ብቻዋን ትስቃለች።»

«ስልክ እያወራች ነው አባዬ፤ ጆሮዋ ላይ ሰክታው ነው።»

«ጉድ እኮ ነው የሰው አገር! ሁሉም ይሮጣል፤ የሚያባርራቸውን ግን አላየሁም። ለእናትሽ የማወራላት ብዙ ነው። ኔትወርኩ አልመጣም?»

«አልመጣም» አለች። ዛሬም እንደ ትናንቱ፣ እንደ ትናንት ወዲያው።

አቶ ገሠሠ አገጫቸውን ወደ ጋራ ቤቱ ቀሰሩ። «እዚያ ለቅሶ አለ። ጥቁር የለበሰች ልጅ አለች፤ ሰው ሲመጣ ደጅ ድረስ ወጥታ ትቀበላለች። ፊቷ ብዥ ይልብኛል። አንጀቴን በላችው፤ አንድም ቀን ጮክ ብላ ስታለቅስ አልሰማሁም። ከጎኗ ሰው የላትም መሰለኝ።»

ጸደንያ የበረንዳውን ብረት ያዘች። «ይኖራታል፣ አባዬ።»

«ቢኖራት የታለ? በይ ከዘራዬን አቀብዪኝ፤ ልድረሳት። ለቅሶ እያየሁ ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ቁጭ አልኩ፣ አያሳፍርም?»

«ሐኪሙ ያለውን ረሳኸው?»

«አታልቅስ ነው ያለኝ። የማላውቀውን ሰው ምን ብዬ አለቅሳለሁ? እግዜር ያጽናሽ ብዬ እመለሳለሁ።»

ብትለምናቸው፣ ብትቆጣቸው አልሰሙም። ራሳቸው ግድግዳውን እየዳበሱ ደረጃው ጋ ደረሱ። ጸደንያ ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጎረቤቷ ቀመሪያ ምሳ የያዘ ሳፋ ተሸክማ ስትወጣ አገኘቻቸው፤ ለአባትየው ነበር የምታመጣው። ስታያቸው ደንግጣ ቆመች።

«አባባ፣ ወዴት ነው?»

«ለቅሶ ልንደርስ።»

ቀመሪያ ጸደንያን አየት አደረገቻት። «ለቅሶው እኮ ተነሣ» አለች ቶሎ ብላ። «ልጅቷም ወደ አገሯ ሄደች።»

ጸደንያ እፎይ አለች። ቀመሪያን አላህ ይስጣት! አሁን አባቷን መልሳ ማስወጣት ብቻ ነው የቀራት።

አቶ ገሠሠ ግን ካሉበት አልተነቃነቁም። «አይ የኔ ነገር፣ አመለጠችኝ» አሉ። «ምናልባት ካገኘሻት ግን ልጄ፣ አንድ ሽማግሌ እላይ ሆኖ አብሮሽ ነበር፣ ብቻሽን አልነበርሽም ብሏል በያት።»

ጸደንያ ከዚያ በላይ አልቻለችም።

«አባዬ» አለች። «ልጅቷ እኔ ነኝ።»

አቶ ገሠሠ ዞር ብለው አዩዋት። ከሹራቧ ሥር የወጣውን ጥቁር ቀሚስ፣ ያበጠ ዓይኗን፣ ፊቷን ሁሉ ከቅርብ አዩት። ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ማናዬ ናት?»

«አዎ።»

«ቀበሯት?»

«ቀበሯት፣ አባዬ።»

የሽማግሌው ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀመሪያ ሳፋውን መሬት ጥላ ፊታቸው ተንበረከከች፤ «አባባ፣ በአላህ፣ አያልቅሱ! ዓይንዎ! ዓይንዎን!» አለች።

ጸደንያ ከአባቷ ጎን ተቀመጠችና የቀመሪያን እጅ ያዘች።

«ተይው» አለቻት። «ያልቅስ።»